ቀብር የማን ዕዳ ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

 

ከሁሉ አስቀድሜ ዳኛችን ይህን ዕድል ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁኝ እኔ የንግግር ሰው አይደለሁም። የእኔ ሥራ ድንኳን ማውጣት፣ ወንበር መቁጠር፣ የጎደለ ሰሃን መፈለግ ነው። የዕቃውን ሪፖርት ካሰማሁ በኋላ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ግን ከዕቃው ቆጠራ ሌላ የምቆጥረው ነገር ስላለኝ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለምኛለሁ።

የማነሣው ጉዳይ ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ይነካካል። እኔ ሙስሊም ነኝ። በልጅነቴ ደረሳ ሆኜ ጥቂት ኪታብ ቀርቻለሁ፤ በኋላም አስኳላ ገብቼ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሳነብ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከማውቀው ቤት ተነሥቼ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እድር የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጎረቤት ስለ ሆነ፣ ክርስቲያን ወንድሞቼና እህቶቼም እንደ ራሳቸው ጉዳይ እንዲሰሙኝ አደራ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ነው። ማሽላው ደርሶ አጨዳው በተፋፋመበት ጊዜ፣ ከደጋ ለቀን ሥራ የመጣ አንድ ሰው በሰፈራችን ቡና እያፈላች በምትተዳደር ሴት ቤት ጥግ ተከራይቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ሠራ፤ ከዚያ ተኛ። ትኩሳት ነው ተባለ። ነገ ይሻለዋል፣ ከነገ ወዲያ ይሻለዋል ሲባል በአምስተኛው ሌሊት ዐረፈ። አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። ከዚህ ሌላ ስለ እርሱ የሚታወቀው የመጠሪያ ስሙ ብቻ ነበር።

ሴትዮዋ ገና ሳይነጋ ደጄን መታች። «ጋሼ፣ ቃሬዛውን ያውጡልኝ፤ ሰው ሞቶብኛል» አለችኝ። እኔም ጠየቅኋት። ምን ብዬ? «ነፍስ ይማር» ብዬ አይደለም። «አባል ነው ወይ?» ብዬ ነው።

አባል አልነበረም። እርሷም ብትሆን የብዙ ወር መዋጮ ውዝፍ አለባትና ከመዝገብ ተሰርዛለች። ደንባችን ግልጽ ነው። አባል ላልሆነ ሰው ዕቃ አይወጣም፤ ካወጣሁ በራሴ እጠየቃለሁ። «እህቴ፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ ሲነጋ ኮሚቴው ይወስን» ብዬ መለስኋት። በልቤ ደግሞ ሌላ ነገር አልኩ። «ለነገሩ ክርስቲያን ነው፤ የደብሩ ሰዎች ይወቁለት» አልኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ለእናንተ ተናገርኩ።

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሴትዮዋ ከሣጥኗ አንድ ያልተነካ አንሶላ አወጣች። ሦስት ክርስቲያኖችና ሁለት ሙስሊሞች ሆነው በተኛበት አልጋ ተሸከሙት። አልጋው በጠባቡ በር አልወጣ ስላለ እግሩን በመጋዝ ቆረጡት። በደጄ ሲያልፉ ተነሥቼ ቆምኩ። ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ማንም አልወቀሰኝም። ኮሚቴውም «ደንቡን ጠብቀሃል» አለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ በወጣትነቴ የቀራሁትን ኪታብ እንደገና ሳገላብጥ ዓመቱን ጨረስኩ። ያገኘሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

በእስልምና ሕግ ግዴታ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ፈርድ ዐይን ይባላል፤ እያንዳንዱ ሰው በየግሉ የሚጠየቅበት ነው፤ እንደ አምስት ወቅት ሶላትና እንደ ረመዷን ጾም ያለው ማለት ነው። እኔ ብሰግድ ለጎረቤቴ አይቆጠርለትም። ሁለተኛው ፈርድ ኪፋያ ይባላል። ይህ የማኅበር ግዴታ ነው። ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ሁሉ ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ኃጢአቱ በሁሉም ላይ ይሆናል። ለዚህ ዐይነቱ ግዴታ ዋና ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው የጀናዛ ጉዳይ ነው። የሞተውን ሙስሊም ማጠብ፣ መከፈን፣ በላዩ ላይ መስገድና መቅበር የማኅበሩ ግዴታ ነው።

ለእኛ ለራያ ቆላ ሰዎች ይህ ነገር ረቂቅ አይደለም። በደጋው የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በሌሊት ሲወርድ፣ ሆርማትና ጎሊና ሲሞሉ፣ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሳል። ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ጥቂቶች ነቅተው ወጥተው ክትሩን ካጠበቁ የተኛውም ሰው ማሳ ይጠጣል። ማንም ካልወጣ ግን ክትሩ ይሰበራል። በማግስቱ «የእኔ ተራ አልነበረም» ማለት ማሽላውን አያበቅለውም። ፈርድ ኪፋያ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ግዴታ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? መዋጮ በከፈለ ላይ ነው? አይደለም። ሟቹስ ከፍሎ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል? አይጠየቅም። ግዴታው የሚያርፈው ሞቱን በሰማና ማድረግ በሚችል ሰው ላይ ነው። በዚያ ሌሊት ከሴትዮዋ ቀጥሎ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ቁልፍም ስለ ነበረኝ የምችለውም እኔ ነበርኩ።

ለዚህ ነገር ከአገራችን ታሪክ የሚወሰድ ምሳሌ አለ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ከመካ ሲሰደዱ ያስጠጋቸውን የሐበሻውን ንጉሥ ነጃሺን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ነጃሺ ባረፈ ጊዜ ነቢዩ በመዲና ሆነው፣ ባሕር ማዶ ላለው ለዚያ ሰው ተከታዮቻቸውን አሰልፈው የጀናዛ ሶላት ሰግደውበታል። ሬሳው በፊታቸው አልነበረም። ከዚህ የተነሣ የሕግ ሊቃውንት በሌለ ሬሳ ላይ ይሰገዳል ወይስ አይሰገድም በማለት ሲከራከሩ ኖረዋል። ሻፊዒዎች ይፈቅዱታል፤ ሐነፊዎች አይፈቅዱትም። በእኛ ወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ ክርክሩ ለደረሶቻችን እንግዳ አይደለም። በአሥረኛው መቶ ዓመት የኖረው ሊቅ ኸጣቢ ግን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ነጃሺ በኖረበት አገር የሚሰግድበት ሰው ስላልነበረ ግዴታው በሩቅ ወዳሉት ተሻገረ ይላል። እስቲ አስቡት። ቅርብ ያለው ካልፈጸመው ግዴታው ባሕር ይሻገራል እንጂ አይጠፋም። እኔ ግን የአንድ ግቢ አጥር አላሻገርኩትም።

«ይህ ሁሉ ለሙስሊም ሟች ነው፤ ያ ሰው ግን ክርስቲያን ነበር» የሚል ሰው ይኖራል። እኔም በዚያ ሌሊት ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የኢማሙ ነወዊን «ሚንሃጅ» ስገልጥ አፈርኩ። ነወዊ እ.ኤ.አ. ከ1233 እስከ 1277 የኖረ የሶርያ ሊቅ ነው፤ ሚንሃጁ ወሎን በመሳሰሉ የሻፊዒ ትምህርት ባለባቸው አገሮች በየደረሳ ቤቱ ሲቀራ የኖረ ኪታብ ነው። እዚያ ላይ፣ ከሙስሊሞች ጋር በስምምነት አብሮ የሚኖር የሌላ እምነት ሰው ሲሞት፣ መከፈኑና መቀበሩ ግዴታ ነው የሚለውን አስተያየት ይበልጥ ትክክለኛው ነው ይለዋል። ሶላቱ የየሃይማኖቱ ነው፤ ጨርቁና ጉድጓዱ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ነው። ነቢዩም የአንድ አይሁዳዊ ሬሳ ሲያልፍ ተነሥተው እንደ ቆሙ፣ የአይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸውም እርሱም ነፍስ መሆኑን እንዳስታወሱ በሐዲስ ተዘግቧል። እኔም በዚያ ቀን ቆሜያለሁ። ነገር ግን መቆም የሚሠራው ሌላ የሚሠራ ነገር ሳይኖር ሲቀር ነው።

የክርስቲያን ወንድሞቻችንም ከዚህ የራቁ አይደሉም። በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ያለው ጦቢት በነነዌ ከተማ በምርኮ ሳለ፣ የወገኖቹን ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ሲያገኝ፣ ንጉሡ ይቀጣኛል ሳይል እየደበቀ ይቀብር ነበር። ስለዚህ በሁለታችንም ቤት ቀብር ውለታ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

አሁን ደግሞ ከሕግ ወደ ፍልስፍና ልውሰዳችሁ። አትፍሩ፤ ሩቅ አይደለም።

በስፔን አገር በአንዳሉስ የኖረና እ.ኤ.አ. በ1185 ያረፈ ኢብን ጡፈይል የሚባል ሐኪምና ፈላስፋ፣ «ሐይ ኢብን የቅዛን» የሚል ታሪክ ጽፏል። ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ በአንዲት ሚዳቋ ጡት ያደገ ልጅ ነው። እናቴ የሚላት ሚዳቋ ስትሞት ምን እንደ ነካት ለማወቅ ደረቷን ከፍቶ ልቧን መረመረ። የሚወዳት እናቱ ይህ ሥጋ እንዳልነበረች፣ የነበረው ነገር ትቶ እንደ ሄደ ተረዳ። ሥጋው መሽተት ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ያን ጊዜ ሁለት ቁራዎች ሲጣሉ አየ፤ አንደኛው ሌላውን ገደለና መሬቱን ጭሮ ቀበረው። ሐይም ከቁራው ተምሮ እናቱን ቀበረ። በቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍም ወንድሙን የገደለው የአደም ልጅ ቀብርን ከቁራ እንደ ተማረ ተነግሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐይ ከማንም ሳይማር፣ በአእምሮው ብቻ፣ ከእሳትና ከእንስሳት ጀምሮ እስከ ከዋክብትና እስከ ፈጣሪ መኖር ድረስ ይደርሳል። ኢብን ጡፈይል ሊያሳይ የፈለገው የሰው አእምሮ ምን ያህል እንደሚደርስ ነው። እኔ ግን እንደ እድር ሰው ሳነበው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሐይ እናቱን ቀበረ፤ እርሱን ራሱንስ ማን ይቀብረዋል? በኋላ አብሳል የሚባል ጓደኛ ወደ ደሴቱ ባይመጣለት ኖሮ ያ ሁሉ ዕውቀት ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ሰው ለራሱ ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል። ብቻውን ያርሳል፣ ብቻውን ይጸልያል፣ ብቻውን ይማራል። ራሱን የቀበረ ሰው ግን የለም። ሀብታምም ይሁን ድኃ፣ ይህች አንዲት ሥራ የግድ በሌላ ሰው እጅ ናት። ስለዚህም ነው ግዴታዋ የግል ሳይሆን የማኅበር የሆነችው።

ከኢብን ጡፈይል በፊት እ.ኤ.አ. በ950 ያረፈው ፋራቢ፣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን ማሟላት ስለማይችል በመተባበር ይኖራል፤ ደጋግ ሰዎች የሚኖሩባትም ከተማ ብልቶቹ ሁሉ እንደሚተጋገዙለት ጤነኛ አካል ናት ብሎ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1332 እስከ 1406 የኖረው ኢብን ኸልዱንም ይህንኑ በስንዴ አስረድቷል። አንድ ሰው የአንድ ቀን እህሉን ለማግኘት መፍጨት፣ ማቡካት፣ መጋገር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የአንጥረኛው፣ የአናጢውና የሸክላ ሠሪው እጅ ይገባበታል። በእኛ አገር ደግሞ ስንዴውን ትታችሁ በደጋሊት ማሽላ አስቡት። ከማሳው እስከ ምጣዱ ስንት እጅ አለበት! ያ የሞተው ሰውም ከእነዚህ እጆች አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት የበላነውን ማሽላ ያጨደው ማን ሆነና! አጨዳው ላይ የእኛ ነበር፤ ሲሞት ጊዜ «አባል ነው ወይ?» አልን።

አንዳንድ ወጣቶች ፍልስፍናና ሃይማኖት ጠበኞች ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። ክርክር መኖሩ እውነት ነው። ኢማሙ ገዛሊ ፈላስፎቹን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፏል፤ የኮርዶባው ኢብን ሩሽድም መልስ ጽፎለታል። ነገር ግን ኢብን ሩሽድ ፈላስፋ ብቻ አልነበረም። ሐኪምና ቃዲም ነበር። በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሬሳ ማጠብ፣ ስለ ከፈንና ስለ ጀናዛ ሶላት ሊቃውንት የተለያዩበትን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝሯል። እ.ኤ.አ. በ1198 በማራኬሽ ባረፈ ጊዜ ሬሳው በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተወሰደ። በዐይኑ ያየው ኢብን አረቢ እንደ ጻፈው፣ ሣጥኑ በከብት ጀርባ ላይ በአንድ ጎን ሲጫን፣ ሚዛን እንዲጠብቅ በሌላው ጎን የተጫኑት የጻፋቸው መጻሕፍት ነበሩ። እኔ መጽሐፍ የለኝም። እኔን ሲጭኑኝ በሌላው ጎን የሚጫነው ያ የዕቃ ቤት ቁልፍ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። ባለፉት ዓመታት ከወለድ ነፃ ባንኮች ሲከፈቱ፣ ለምሳሌ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ወጣቶቻችን ስለ ገንዘብና ስለ ሸሪዓ በደንብ መጠየቅ ጀምረዋል። ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱ «የእድር መዋጮስ ሐላል ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ማን መቼ እንደሚሞት አይታወቅም፤ አንዱ ትንሽ ከፍሎ ብዙ ያገኛል፤ ሌላው ብዙ ከፍሎ ሳያገኝ ዓመታት ይቆያል። ይህ እንደ ንግድ ከታየ፣ ያልታወቀን ነገር መግዛት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣበታል።

በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ መድን ባሳለፈው ውሳኔ፣ የንግዱን ኢንሹራንስ ከልክሎ፣ በልግስናና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር ዐይነት ግን ፈቅዷል። ዛሬ ተካፉል የሚባለው አሠራር የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አባሉ የሚያወጣው ገንዘብ ተበሩዕ ነው፤ ማለትም ስጦታ ነው። ሰጭው ለራሱ ዕቃ አልገዛም፤ ለወንድሙ ችግር አዋጣ እንጂ።

እንግዲህ ይህን መልስ ከተቀበልን የሚከተለውንም መቀበል አለብን። መዋጮው ስጦታ ከሆነ፣ እኔ በዚያ ሌሊት የያዝኩት ቁልፍ የሱቅ ቁልፍ አልነበረም። «አልከፈልክምና ዕቃ አይወጣልህም» የሚል ቃል የነጋዴ ቃል ነው። ሐላል ነው የሚያሰኘን ስጦታ መሆኑ ሆኖ ሳለ፣ ስንጠየቅ ስጦታ፣ ስንጠየፍ ሽያጭ ልናደርገው አንችልም። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብን።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱ እንዲያውም ይብሳል። ኢማሙ ገዛሊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1058 እስከ 1111 የኖረው፣ «ኢሕያእ» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ፈርድ ኪፋያን ከመቃብር አውጥቶ ወደ ሕያዋን ከተማ ያመጣዋል። ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ነው ይላል፤ ለውርስ ክፍፍል የሚያስፈልገው ሒሳብም እንዲሁ፤ እርሻውም፣ ሽመናውም፣ ልብስ ስፌቱም ሳይቀር። አንድ ከተማ እነዚህን የሚያውቅ ሰው ካጣች ሕዝቧ በሙሉ ይጠየቃል። በእርሱ ዘመን ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ትምህርት ሲጋፋ፣ ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች መብዛታቸውን እያነሣ ይወቅሳል።

ይህን ሳነብ ያ ሰው የተኛባቸው አምስት ቀናት ትዝ አሉኝ። በቆላችን ከዝናብ በኋላ ወባ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ እንግዳ ነው፤ ቶሎም ይጥለዋል። ወባ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። የያዘው ወባ ይሁን ሌላ የመረመረ ሰው ስላልነበረ አይታወቅም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደው ሰው ለምን ጠፋ? ሴትዮዋ ቡናዋን ትታ መሄድ አልቻለችም። እኛስ? አላወቅንም። ያላወቅነው መዝገባችን ላይ ስላልነበረ ነው። እድራችን ሰውን የሚያውቀው በሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲከፍልና ሲሞት። ዋናው የማኅበር ግዴታ ግን በመካከሉ ያለው ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ አገር እንዲህ አልነበረም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ የወሎ ገበሬ ወደ አስፋልቱ ዳር ሲወርድ፣ የወደቀውን የሚያነሣው ያላወቀው ሰው እንደ ነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። በ1977 ዓ.ም. እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ሕዝቡ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ሲወጣ ዳገቱ ላይ የቀረውን ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ከፈን ሲጠፋ ጆንያ ከፈን ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ቆቦን ሲያገኛት፣ ጥሩምባ የሚነፋበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ጊዜ አልነበረም። በእነዚያ ዘመናት ሁሉ ደረሰኝ የጠየቀ የለም። በገጠሩ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ይዞ የኖረው በደረሰኝ አይደለም። የራያ የእርቅ ሽማግሌዎች፣ ዘወልዶቹ፣ ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቁት በመዝገብ አይደለም። ታዲያ በመከራ ጊዜ ያልጠየቅነውን በሰላም ጊዜ ለምን ጠየቅን? መልሱን ሳስበው፣ መዝገቡ ሲደራጅ ሰውየውን በመዝገቡ ተካነው መሰለኝ።

አሁን ደግሞ የገንዘብ ያዣችንን ፊት እያየሁ ነው። «እንዲህ ከሆነ ማን ይከፍላል? ሁሉም በነፃ የሚቀበር ከሆነ እድሩ በዓመቱ ይዘጋል» ሊሉኝ ነው። እውነታቸውን ነው። ድንኳን በጸሎት አይሰፋም። መዋጮና ቅጣት ባይኖር እኔም የምቆጥረው ሰሃን ባልነበረ። ሕጉ ራሱ ለዚህ መንገድ አለው። ግዴታ የሆነው ጥቂት ነገር ነው፤ ሬሳውን ማሰናዳት፣ ጨርቁ፣ ሸክሙና ጉድጓዱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለኀዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ የእኛ የአባላቱ ስምምነት ነው። ሁለቱን ስለ ቀላቀልናቸው ነው የተሳሳትነው።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አንድ አዲስ አንቀጽ እንዲገባ ነው። በሰፈራችን ክልል የሞተ ማንኛውም ሰው፣ አባል ይሁን አይሁን፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ቃሬዛ፣ መግነዣ ጨርቅ፣ መቃብር ቆፋሪና የጥሩምባ ጥሪ ይገባዋል ይበል። ሬሳው አፈር ሳይለብስ ስለ ውዝፍ መዋጮ መጠየቅ ክልክል ይሁን።

ሁለተኛ፣ ድንኳኑ፣ ዕቃውና ገንዘቡ እንደ እስካሁኑ ለአባላት ብቻ ይሁን። ውዝፉም ቅጣቱም ይቀጥል።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ወጪ አንድ የተለየ ሣጥን ይኑረን። ሙስሊሙ ሰደቃውን፣ ክርስቲያኑ ምጽዋቱን እንደ አቅሙ ይጨምርበት። ግዴታ አይሁን፤ ስምም አይመዝገብበት። የመጀመሪያውን እኔ ዛሬ አስገባለሁ።

አራተኛ፣ በየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይመረጡና የታመመ እንግዳ ወይም ብቸኛ ሰው ሲኖር ለእድሩ ይንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውም ሰው ይመደብ። የዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍም ለአንዲት እናት ይሰጥ። በዚያ ሌሊት የተመታው የሴት ደጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚያች ሴትም አንድ ቃል ልበል። ከመዝገባችን የተሰረዘችው እርሷ ናት። የማኅበሩን ግዴታ ከሁላችን ላይ ያወረደችውም እርሷ ናት። ከእነዚያ አምስት ተሸካሚዎች ጋር ሆና ባትፈጽመው ኖሮ ኃጢአቱ በመንደሩ ሁሉ ላይ ነበር። ውዝፏን በሕጉ መሠረት ትክፈል ካላችሁ ትክፈል። ነገር ግን እኛም በእርሷ ላይ ያለብን ውዝፍ በዚያው መዝገብ ይጻፍ።

በመጨረሻ፣ ቁልፉ እነሆ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንቀጹ ከገባ እንደገና ብትሰጡኝ በደስታ እይዘዋለሁ። ደንቡ እንዳለ ከቀጠለ ግን ሌላ ሰው ይያዝልኝ። ሌሊት ደጄ ሲመታ ሁለተኛ «አባል ነው ወይ?» ብዬ መጠየቅ አልፈልግም።

ያለፉትን ፈጣሪ ይማርልን። ያንንም ሰው፣ የትም ይሁን አገሩ፣ ወገኖቹ ሳያውቁት እኛ ዘንድ ዐርፏልና ነፍሱን ይማር። ለታመመው ጤና፣ ለቆላችን ዝናብ፣ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። አሚን፤ አሜን።